ሠዓሊው ያልታወቀ

ነፋሱ ሥዕሉን ከጀርባው ሊነጥቀው ታገለ። ማቲዎስ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ በሚወጣው መንገድ ዳር ቆመ። በአንሶላ ጠቅልሎ በሲባጎ አስሮ ያዘለውን ሸክም በሁለት እጁ ወደ ኋላ ጨብጦ፣ ጉልበቱን ሰበር አድርጎ፣ ነፋሱ እስኪያልፍለት ጠበቀ። የሥዕሉ ቁመት አንድ ሜትር ከሩብ ነው፤ ወርዱም ከዚያ ብዙ አያንስም። እንዲህ ያለውን ነገር ሰው በመኪና ይጭነዋል እንጂ አያዝለውም። ሚኒባስ ግን የሚጭነው አላገኘም። በኮሮና በሽታ ምክንያት በግማሽ ብቻ እንዲጭኑ ታዘው ስለነበር አንዱ ረዳት በመስኮት አንገቱን አውጥቶ፣ «ፋዘር፣ እሱ የሁለት ሰው ቦታ ይይዛል፤ ትራፊክ ያስቀጣኛል» ብሎት አለፈ።

ዕለቱ ዓርብ፣ ሚያዝያ 16 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ፋሲካ ካለፈ ገና አምስተኛ ቀኑ ነው፤ ያውም ሰው በየቤቱ ተዘግቶ፣ ቅዳሴውን በቴሌቪዥን እያየ ያሳለፈው ፋሲካ። በየሱቁ ደጃፍ ባለቧንቧ ጀሪካንና ሳሙና ተቀምጧል። የሚተዋወቁ ሰዎች ሲገናኙ እጃቸውን ለሰላምታ ዘርግተው መልሰው ይሰበስባሉ። ማቲዎስም ሚስቱ ከአሮጌ ሸሚዝ የሰፋችለትን ማስክ አድርጎ ነበር፤ ዳገቱ ሲጠናበት ወደ አገጩ ዝቅ አደረገውና ትንፋሹን ሰበሰበ።

ስልሳ አንድ ዓመቱ ነው። ከወጣትነቱ ጀምሮ ሥራው ፍሬም ነው፤ ዋንዛና ጽድ ይልጋል፣ ማዕዘን ይቆርጣል፣ መስታወት ይገጥማል። ዳገት ላይ ባለችው አንድ ክፍል ሱቁ የሰርግ ፎቶም የቅዱሳን ሥዕልም የምረቃ ምስክር ወረቀትም ፍሬም ይገባል። እንጀራውን ያገኘው ግን በአብዛኛው ከአንድ ሰው ነው፤ ከአቶ አባይነህ።

አቶ አባይነህ በንጉሡ ዘመን ውጭ አገር ተምረው የተመለሱ፣ በኋላ በቡና ንግድ የከበሩ፣ ልጅ ያልወለዱ ሰው ናቸው። ገንዘባቸውንም ዕድሜያቸውንም ያፈሰሱት በሥዕል ላይ ነው። ፈረንሳይ ለጋሲዮን ያለው ግቢያቸው ውስጥ ባዶ ግድግዳ የለም፤ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ እንኳ የቆዳ ላይ ሥዕል ተሰቅሏል። ይህም አልበቃቸውም፤ ያዩትን ሁሉ ይጽፋሉ። ኤግዚቢሽን ቢሉ፣ ቴአትር ቢሉ፣ ሲኒማ ቢሉ፣ የአዝማሪ ቤት ቢሉ፣ ከዚያ ሲመለሱ ጥቁር ልባስ ባለው ደብተር ላይ አንድ ነገር ሳያሰፍሩ አይተኙም። እነዚህ ደብተሮች አርባ ሦስት ደርሰዋል።

በዚያ ዓመት ደብተሮቹን መጽሐፍ ለማድረግ ታሰበ። ሥራውን የያዘችው ኢልሃም የምትባል፣ ወሰን በሚባለው ሰፈር የምትኖር የመጻሕፍት አርታዒ ናት። ስለ ሥዕሎቹ ልትጠይቀው ወደ ማቲዎስ ሱቅ ስትመጣ የተየበችውን ታነብለት ነበር። «ዛሬ ቴአትር ቤት» ይላል አንዱ፤ «ዋናው ተዋናይ ሦስት ጊዜ ሞተ፤ በሦስተኛው ላይ ሕዝቡ አዘነለት።» ሌላው ደግሞ፣ «አዝማሪው ሊያሞግሰኝ ፈልጎ ስሜን አጣው። 'ባለመነጽሩ' ብሎ ገጠመልኝ፤ ከስሜ ይልቅ ቤት መታለት።» ሁለቱም ከት ብለው ይስቁ ነበር። ማቲዎስ ግን እየሳቀ ልቡ አንድ ቦታ ላይ ይቆም ነበር። የ1986 ዓ.ም. ደብተር ተራው መቼ ይሆን?

ተራው የደረሰው ረቡዕ ዕለት ነው። አቶ አባይነህ አስጠሩት። በረንዳቸው ላይ ጋቢ ደርበው ተቀምጠዋል፤ ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ደብተሩ ጉልበታቸው ላይ ነበር።

«ማቲዎስ፣ አንዲት ገጽ አለች» አሉት። «ምልክት አድርጌባታለሁ። እኔ ልቁረጥ ብል እቀድደዋለሁ፤ ያስታውቃል። ያንተ እጅ ንጹሕ ነው። ከስፌቱ ጠጋ ብለህ በምላጭ አውጣት። ነገ ለኢልሃም እሰጣለሁ።»

«ምን ዓይነት ገጽ ናት ጋሼ?»

«ታውቃታለህ» አሉት። ከዚያ ወደ አትክልቱ ዞሩ። «እግረ መንገድህን ሰማያዊዋን ሥዕል ውሰዳት። ለመጽሐፉ ሽፋን ፎቶ ትነሣለች፤ ፍሬሟ አርጅቷል፣ አድስልኝ።»

ማቲዎስ ሁለቱንም ይዞ ሱቁ ገባ። ገጿን ቆረጠ። እውነትም እጁ ንጹሕ ነበር፤ ያየ ሰው ደብተሩ ሲሰፋ ጀምሮ እንዲያ ነው ይላል። ደብተሩን የዚያኑ ዕለት መለሰ። ገጿን ግን ሳያነብ አጥፎ ከመሣሪያ ሳጥኑ ሥር ከተታት።

በማግሥቱ ሐሙስ የሥዕሉን ፍሬም ሲፈታ ከጀርባ የመታውን ኮምፔንሳቶ አነሣ። ራሱ ነው የመታው፤ ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት፣ አቶ አባይነህ «ጀርባው ይሸፈን» ብለውት። ከእንጨቱ ሥር፣ በሻከረው ጨርቅ ላይ፣ በእርሳስ የተጻፈ ስም ነበር። *ጋዲሴ ነገሳ፣ ከእንጦጦ።* እርሳሱ ትናንት የተጻፈ ይመስል አልደበዘዘም፤ ብርሃን ነክቶት አያውቅማ። አቶ አባይነህ ይህን ሥዕል ለእንግዳ ባሳዩ ቁጥር፣ ለኤግዚቢሽን ባዋሱ ቁጥር፣ ከሥሩ የሚለጠፈው ወረቀት «ሠዓሊው ያልታወቀ» ይል ነበር። ወረቀቱን የሚለጥፈው ማቲዎስ ነው።

ሳጥኑን ከፈተና ገጿን አነበባት። ከዚያ በኋላ ያን ቀን ሌላ ሥራ አልሠራም።

እንግዲህ ዓርብ ጠዋት ሥዕሉን አዝሎ፣ ገጿን ደረት ኪሱ ውስጥ ከትቶ፣ ለማንም ሳይናገር ዳገቱን የጀመረው በዚህ ምክንያት ነው። ሥዕሉ የራሱ አይደለም። ሌላ ሰው እንዲህ ቢያደርግ ማቲዎስ ራሱ ሌባ ይለው ነበር። ይህን እያወቀ ወጣ።

እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ሲደርስ ረፋዱ አልፎ ነበር። ወሩ በገባ በአሥራ ስድስት የምትከበረው የኪዳነ ምሕረት ቀን ስለነበረች በሌላ ጊዜ ቢሆን ቅጥሩ ሰው አይበቃውም። አሁን ግን በባሕር ዛፎቹ መሐል ተራርቀው የቆሙ ነጠላ ለባሾች ብቻ፣ ከአጥሩ ውጭ ግንባራቸውን መሬት አስነክተው ይነሣሉ። ዱላ የያዘ ዘበኛ፣ «ተራራቁ! ኧረ እባካችሁ ተራራቁ!» እያለ ይዞራል። ማቲዎስ ከሩቅ ተሳለመና የጋዲሴን ቤት ጠየቀው።

«ጠበልተኛ የምታሳድረው ጋዲሴ?» አለ ዘበኛው። «ከድንች ማሳው ወዲያ፣ ተራ ክፍሎች ያሉበት ግቢ። ግን ዘንድሮ ጠበልተኛ የለም፤ ሁሉም ወደየአገሩ ሄዷል። ምን ተሸክመህ ነው?»

«የሷን ዕቃ» አለ ማቲዎስ። ይህን ሲል ደረቱ ትንሽ ቀለል አለው።

ግቢው ውስጥ በጭቃ የተመረጉ ስድስት ክፍሎች በተርታ ቆመዋል፤ ሁሉም ተዘግተዋል። በየበሩ ላይ ከአንድ እስከ ስድስት ቁጥር ተጽፏል፤ በሰማያዊ የቤት ቀለም። ማቲዎስ ቆሞ ቀረ። ቁጥር የሚጽፍ ሰው ቁጥር ይጽፋል፤ እነዚህ ግን ቁጥር ብቻ አልነበሩም። ሁለቱ አንገቱን ደፍቷል። አምስቱ ሆዱን ነፍቶ ቆሟል። ስድስቱ ጉልበቱን አቅፎ የተቀመጠ ሰው ይመስላል።

«ክፍል ፈልገው ነው?» አለ ከኋላው የሴት ድምፅ።

ዞር ሲል ከማሳው የወጣች ሴት አየ፤ መኮትኮቻዋን ይዛለች፣ እስከ ክንዷ አፈር ነው። ሃምሳ ሊሞላት ጥቂት የቀራት፣ ቀጭን፣ ራሷን በጥቁር ሻሽ ያሰረች። ለመናገር ማስኩን ሊያወርድ ሲል እጇን አነሣች።

«አያውልቁት። አወቅሁዎት» አለችው።

«እርስዎ ጋዲሴ ነዎት?»

«ያኔ 'አንቺ' ነበር ያሉኝ። አሁን በምን አከበሩኝ?»

ማቲዎስ ሸክሙን ከጀርባው አውርዶ በክፍል ሦስት በር ላይ አስደገፈው፤ ሲባጎውን ሊፈታ ሞከረ፤ ራሱ ያሰረው ቋጠሮ እምቢ አለው። በመጨረሻ ፈታውና አንሶላውን ገለጠ።

ሥዕሉ ላይ አሥራ አራት ሰዎች አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። የቀበሌ አዳራሽ ነው። ሁሉም ወደ ተመልካቹ ያያሉ፤ የሚያዩት ግን ቴሌቪዥን ነው። ቴሌቪዥኑ በሥዕሉ ውስጥ የለም፤ ሰማያዊ ብርሃኑ ብቻ ፊታቸው ላይ አርፏል። አንዱ አፉን ከፍቷል። አንዷ ጨቅላ ታጠባለች፤ ጨቅላውም ጡቱን ትቶ ዞሮ ያያል። መሐል ላይ የተቀመጠ ሽማግሌ ብቻ ቴሌቪዥኑን ትቶ ጎረቤቱን ያያል፣ «ይህን አየህ ወይ?» እንደሚል ሰው።

ጋዲሴ ወደ ጀሪካኑ ሄደች። እጇን በሳሙና እስከ ክርኗ ታጠበች፤ በቀሚሷ አደረቀች። ከዚያ መጥታ ከሥዕሉ ፊት ቁጢጥ አለች። ሽማግሌውን በጣቷ ነካችው።

«አባቴ ነው» አለች። «ነገሳ። በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ዐረፈ። ፎቶ አልነበረውም።»

ማቲዎስ ያንን ፊት ሃያ ስድስት ዓመት ሲያየው ኖሯል። አቧራውን ጠርጓል፣ መስታወቱን ወልውሏል። የሰው አባት መሆኑ አንድ ቀን በሐሳቡ አልመጣም።

«ጋዲሴ፣ የመጣሁት ልናገር ነው» አለ። «ያኔ ዋሽቼሻለሁ። የምፈልገው የተወጠረበትን ጣውላ ነው ብዬሽ ነበር። ሥዕሉን የፈለጉት ሌላ ሰው ናቸው። በውድድሩ ዳኛ የነበሩት።» ኪሱን ዳበሰ። «እሳቸው የጻፉት ነው። ልስጥሽ?»

«መነጽሬ ቤት ነው። ያንብቡልኝ።»

ቆሞ አነበበላት። ድምፁ በማስኩ ውስጥ ታፍኖ ይወጣ ነበር፦

«ግንቦት 9 ቀን 1986። የወጣቶች የሥዕል ውድድር፣ የቀበሌው አዳራሽ። ሃያ ሦስት ሥዕል፤ ሃያ ሁለቱ ሥዕል ለመምሰል የሚጥሩ። አንዷ ግን! ከእንጦጦ የወረደች ልጅ፣ በቤት ቀለም፣ በዱቄት ከረጢት ላይ። ቴሌቪዥን የሚያዩ ሰዎች። ዘንድሮ ካየሁት ሁሉ ይኸ ይበልጣል፤ ምናልባት ካለኝም ሁሉ። ሽልማት ካገኘች የሌላ ሰው ዓይን ያርፍባታል። ስለዚህ ልጅቷን ለብቻ ጠርቼ፣ 'ይህ ሥዕል አይደለም፤ ጊዜሽን አታባክኚ' አልኋት። አንገቷን ደፋች። በሳምንቱ ማቲዎስን ላክሁት፤ 'ለጣውላው ነው ብለህ አምጣት' አልሁት። አመጣት። አሁን ፊት ለፊቴ ናት። እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ ከደስታ ይሁን ከሌላ ነገር እንጃ።»

ሲጨርስ ወረቀቱን አጠፈ። ከቤተ ክርስቲያኑ በኩል የዘበኛው ድምፅ ይሰማል፤ «ተራራቁ!»

ጋዲሴ ከቁጢጥታዋ አልተነሣችም። «የሳቸውን ውሸት ገና ዛሬ ሰማሁ» አለች ቀስ ብላ። «እውነታቸውን መስሎኝ ነበር። የተማሩ ሰው ናቸው፣ አልታያቸውም፣ በቃ ብዬ ነበር። የእርስዎን ግን ያኔውኑ ነው ያወቅሁት።»

«የኔን?»

«ዝናብ ነበር። ሥዕሉን ይዘው ከዚያ ከበሩ እንደወጡ ቆሙ። ኮትዎን አውልቀው አለበሱት። እስከ ታች ድረስ እየበሰበሱ ሲወርዱ አይቼዎታለሁ።» ቀና ብላ አየችው። «ለጣውላ የመጣ ሰው ለጣውላ ኮቱን ያለብሳል?»

ማቲዎስ ኮቱን ረስቶት ነበር። ዝናቡንም ረስቶታል። የሚያስታውሰው በሩ ላይ ቆሞ የተናገረውን ውሸትና፣ እሷ «እሺ፣ ይውሰዱት» ያለችበትን ድምፅ ብቻ ነው። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ራሱን ሲከስ የኖረው አንዲት የዋህ ልጅ በማታለሉ ነበር።

«ይመለሳል አልሁ» አለች ጋዲሴ። «ይህ ሰው አይቶታል፤ ዛሬ ፈርቶ ነው፤ ነገ መጥቶ ይነግረኛል አልሁ። ክረምቱን ሙሉ ውሻው በጮኸ ቁጥር ወጥቼ አያለሁ። አባቴ 'ማንን ነው የምትጠብቂው?' ይለኛል። መስከረም ጠባ፤ መስቀልም አለፈ። አይቶ እንኳ ሊመሰክርለት ካልፈለገ፣ እንግዲህ ምን ዋጋ አለው አልሁና ብሩሾቹን ቤት ለሚቀባ ሰው ሰጠሁ።» ከዚያም ጨመረች፤ «ያላየ ሰው አይፈረድበትም። እጄን ያሰሩት እርስዎ ነዎት።»

ማቲዎስ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ይቅር በይኝ» አለ።

«ቀኑን መርጠው ነው የመጡት? ዛሬ እኮ ኪዳነ ምሕረት ናት። በሷ ቀን ይቅርታ ለጠየቀ እምቢ አይባልም።» ራሷን ነቀነቀች። «ቀኑ አስገድዶኝ ይቅር ብልዎት ደግሞ ለእርስዎም አይሆንም፣ ለኔም። ሌላ ቀን ይምጡና ይጠይቁኝ። ያኔ የሚሰማኝን እነግርዎታለሁ።»

«እመጣለሁ።»

«ያኔም እመጣለሁ የሚሉ ይመስሉ ነበር።» ይህን በምሬት አላለችውም። «አሁን አንድ ነገር ይንገሩኝ። ያኔ ምን አዩበት?»

ማቲዎስ ስለ ሥዕል ተናግሮ አያውቅም። ከሠላሳ ዓመት በላይ ሰዎች በሱ ፊት ስለ ሥዕል ሲያወሩ እሱ ሜትሩን ይዞ ዝም ይል ነበር። የሚመጡለትን ቃላት አንድ በአንድ ጣለ፤ ሁሉም የአቶ አባይነህ ቃላት ነበሩ።

«እኔ ፍሬም ሠሪ ነኝ» አለ በመጨረሻ። «ሥዕል ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማየው ጠርዙን ነው፤ የት ላይ እንደሚያልቅ። ይኸኛው አላለቀም ነበር። ይህቺን ሴትዮ እያት፤ ትከሻዋ ተቆርጧል፣ ግን ከሷ ወዲያ ሌላ ሰው እንደተቀመጠ አውቃለሁ። ከሱም ወዲያ ሌላ። ፍሬሙን የገጠምሁ ቀን... ውጭ በቀሩት ሰዎች ላይ በር የዘጋሁ መሰለኝ።»

ጋዲሴ ለረጅም ጊዜ ሥዕሉን አየች።

«ከሷ ወዲያ አክስቴ ነበረች» አለች። «ከረጢቱ አልበቃኝም።» ከዚያ ፈገግታ የሚመስል ነገር አፏ ዳር መጥቶ ሄደ። «የአባቴ እጅ ተበላሽቷል። ይኸው፣ አውራ ጣቱ በተቃራኒው ነው። ያኔም አውቅ ነበር። ዳኛው ይህን ቢሉኝ ኖሮ ስማቸውን በጸሎት ባነሣሁ ነበር።»

ሥዕሉን ለሁለት አንሥተው ወደ ቤቷ አስገቡ። ግድግዳው ጠባብ ነበር፤ አልጋዋ ላይ አስደግፈው አቆሙት። ሲወጣ በሩ ላይ ጠራችው።

«ወረቀቷን ምን ሊያደርጓት ነው?»

«ላንቺ ልተውልሽ ብዬ ነበር።»

«እኔማ ሰማኋት። ሌላ ሰው ያንብባት።»

ማቲዎስ ቁልቁለቱን ሲወርድ ጀርባው ባዶ ነው፤ ነፋሱም ከኋላ ይገፋዋል። ያም ሆኖ እግሩ ከበደው። በቀጥታ ወደ ወሰን መሄድ ይችል ነበር። ግን የሠላሳ ዓመት እንጀራውን የበላበትን ሰው ሳይነግር ዞሮ መሄድ አልሆነለትም። የአቶ አባይነህን በር አንኳኳ።

ቤቱን የምታስተዳድረው ወርቅአየሁ በሩን ከፍታ እጁን አስታጠበችው፤ ከዚያ በረንዳው ጫፍ ላይ፣ ከሳቸው ራቅ አድርጋ በርጩማ አኖረችለት። አቶ አባይነህ ሬዲዮናቸውን ዘጉ።

«ፎቶው ተነሣ?»

«አልተነሣም ጋሼ። ሥዕሉን ለባለቤቱ መልሼ መምጣቴ ነው።»

«ባለቤቱ እኔ ነኝ።»

«ለሠራችው።»

አቶ አባይነህ ወዲያው አልተቆጡም። መነጽራቸውን አወለቁ፤ በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት፤ መልሰው አላደረጉትም።

«በሕይወት አለች?»

«አለች። እዚያው እንጦጦ።»

«የት አስቀመጠችው?»

«አልጋ ላይ። ግድግዳው አልበቃም።»

«እርጥበት አለ? ፀሐይ በቀጥታ እንዳያገኘው ነግረሃታል? የቤት ቀለም እኮ ነው፤ ይሰነጠቃል!» ከወንበራቸው ሊነሡ ቃጡ። «ይህን ያህል ዘመን እንደ ዓይኔ ብሌን ጠብቄ... እንዴት ሳትነግራት ትመጣለህ?»

«ጋሼ፣ የሠራችው እሷ ናት።»

ወርቅአየሁ ውስጥ ዕቃ ስታጥብ ይሰማል። በመጨረሻ ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እኔን ምን አለች?» ሲሉ ጠየቁ።

ማቲዎስ መዋሸት አልፈለገም። «እርስዎን ብዙም አላነሣችም» አለ።

አቶ አባይነህ ስድብ ቢደርሳቸው ይሻላቸው ነበር። የሰሙትን ለመርሳት ያህል እጃቸውን ዘረጉ።

«ገጿን ስጠኝ።»

«ጋሼ...»

«ሰማንያ ሦስት ዓመቴ ነው ማቲዎስ። መጽሐፉ ሲወጣ ልኑር አልኑር አላውቅም። አርባ ሦስት ደብተር ጽፌ ሰው በአንዲት ገጽ ብቻ እንዲያስታውሰኝ ትፈልጋለህ? ደግሞስ አንተ የለህበትም? ስምህ እኮ ተጽፏል።»

«አለሁበት።»

«እንግዲያው ስጠኝ።»

ገጿ ደረት ኪሱ ውስጥ ነበረች። ማቲዎስ እኚህን ሰው «እምቢ» ብሏቸው አያውቅም፤ ምላሱም ቃሉን አልለመደውም። አፉ ላይ የመጣው ሌላ ሆነ።

«የለችም ጋሼ» አለ። «ለኢልሃም ሰጥቻታለሁ።»

ብድግ ብሎ እጅ ነሥቶ ወጣ። በሩ እንደተዘጋ ሊሮጥ ምንም አልቀረው። አቶ አባይነህ የኢልሃም ስልክ አላቸው። አንድ ጊዜ ቢደውሉላት ውሸቱ ይወጣል፤ እሷም የጌታው ፈቃድ ሳይኖር አልቀበልም ልትል ትችላለች። የመገናኛ ሚኒባስ ሰልፍ፣ ሰው ተራርቆ በመቆሙ፣ እስከ ማዞሪያው ድረስ ተዘርግቷል። ከፊቱ ያሉትን ሰዎች እየቆጠረ፣ እግሩን እየቀያየረ ቆመ። መገናኛ ደርሶ ወደ ወሰን የሚሄደውን ሲይዝ ስልኩ ጮኸ፤ አቶ አባይነህ ናቸው። አላነሣም። ደግሞ ጮኸ። አጠገቡ ያለው ተሳፋሪ ባዶ ወንበሩን ተሻግሮ፣ «ወንድም፣ ሰው ይፈልግሃል» አለው። «አውቃለሁ» አለ ማቲዎስ። ሦስተኛ ጊዜ አልጮኸም፤ ይህም ይበልጥ አስፈራው።

የኢልሃም ቤት ከአንድ ጋራዥ ጀርባ ነው። ፀሐይ ልትጠልቅ ጥቂት ቀርቷታል፤ የረመዳን ጾም የተያዘበት የመጀመሪያው ቀን ስለነበር ከየቤቱ የሾርባና የሳምቡሳ ሽታ ይወጣል። በሩን አንኳክቶ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ራቀ። ኢልሃም ማስኳን እያስተካከለች ወጣች።

«ጋሽ ማቲዎስ! በደህና ነው? ጋሽ አባይነህ አሁን ደወሉልኝ እኮ።»

«ምን አሉሽ?»

«'ማቲዎስ የሰጠሽን ወረቀት እንዳታነቢው፣ ሰው እልካለሁ' አሉኝ። እኔ ምንም አልሰጡኝም፣ ጋሽ ማቲዎስን ካየኋቸው ሳምንት አለፈኝ አልኋቸው።»

«ከዚያስ?»

«ዝም አሉ። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። ቆይተው፣ 'እንግዲያው መንገድ ላይ ነው፤ ሲመጣ ተቀበዪው' ብለው ዘጉት።» ግራ ገብቷት አየችው። «ምን ሆነው ነው?»

ማቲዎስ ገጿን ከኪሱ አውጥቶ የበሩ ድንጋይ ላይ አኖረና ወደ ኋላ ተመለሰ። ኢልሃም ጎንበስ ብላ አነሣቻት። ጽሕፈቱን ወዲያው አወቀችው፤ በቀረው ብርሃን እዚያው ቆማ ማንበብ ጀመረች። መጀመሪያ ላይ፣ «ሃያ ሁለቱ ሥዕል ለመምሰል የሚጥሩ» የሚለው ጋ ዓይኗ ሊስቅ ነበር። ከዚያ ተወ። ጨርሳ እንደገና ከመጀመሪያው አነበበች።

«ልጅቷ ስም አላት?» አለች።

«ጋዲሴ ነገሳ። እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት። ሽፋኑን ከፈለግሽ እሷን ነው የምትጠይቂው።»

ኢልሃም ስልኳን አውጥታ ጻፈች። ጽፋ ስትጨርስ ጣቷን ወረቀቱ ላይ አድርጋ ቆየች። የምትጠይቀውን ታውቀዋለች፤ መጠየቁ ግን ከብዷታል። ከሩቅ መስጊድ አዛን ተጀመረ፤ ከቤት ውስጥ እናቷ ጠሯት፤ አልገባችም።

«ጋሽ ማቲዎስ» አለችው። «እዚህ ላይ የተላከው ሰው... ማቲዎስ የሚለው፣ እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ» አለ።